የፓራፋንጎው ቀለም

ገብረየስ የመጨረሻውን ብሎን ፈቶ የነዳጅ ማስገቢያውን ክዳን ከመኪናው ላይ አላቀቀ። መዳፉን የምታህለውን ብረት በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ወደ ፀሐይ አነሳት።

“ይቺን ይዤ ልሂድ” አለ። “ቀለሙን በአፌ ከምነግረው ራሷን ባሳየው ይሻላል።”

ሚስቱ ስንዱ ለሠርግ ያጠበችውን ነጠላ ገመድ ላይ እየዘረጋች ነበር። “ለነገ ይደርስልሃል?”

“ዛሬ ከተቀባ ነገ ምን ይሆናል? የጥር ፀሐይ አይደል እንዴ!”

በማግስቱ የስንዱ የእህት ልጅ አትክልት ሆለታ ላይ ትዳራለች። ሙሽራዋ የምትሳፈረው በገብረየስ አሮጌ ፊያት ነው። መኪናውን ያገኘው የሰበታ አልኮል ፋብሪካ ግሪካዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ነበር፤ መሐንዲሱ ለዓመታት ሾፌሩ ለነበረው ለገብረየስ በርካሽ ለቀቀለት። አትክልት ከሕፃንነቷ ጀምሮ “የእኔ ሠርግ በሰማያዊዋ ነው” ትል ነበር። ይሁንና ባለፈው ሳምንት መኪናው ሲገባ የግቢው በር ምሰሶ የቀኙን ፓራፋንጎ፣ የፊት ጎማውን መከለያ፣ ከመብራቱ አንስቶ እስከ ጎማው ጀርባ ድረስ ልጦታል። ገብረየስ በዚያ በር ዓመታት ሙሉ ሳይጨነቅ ገብቶ ወጥቷል። “እንጨቱ በክረምቱ ዘምሞ ነው” አላት። ስንዱ ምሰሶውን አየችው። ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጉዳቱን ራሱ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ የተጎደጎደውን በስቱኮ ደፍኖ አስተካክሎታል። የቀረው ቀለም መምረጥና መቀባት ነው።

ወደ ጅማ መንገድ የሚያወርደውን ቁልቁለት ቀስ ብሎ ተያያዘው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለእሱ ጠዋቱ ሁሉ አመሻሽ ይመስላል። ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ ማር የተቀባች ናት። የሰበታ ባሕር ዛፎች ጠርዝ የላቸውም፤ እርስ በርሳቸው ቀልጠው አንድ ለስላሳ ጥላ ሆነዋል፤ ወጨጫም ከላያቸው ተራራ ይሁን ደመና አይለይም። ከፊት ለፊቱ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ ጭጋግ ይሆናል፤ ቀጥሎ ድምፅ ይሆናል፤ በመጨረሻ ሰው ሆኖ አጠገቡ ይደርሳል። ይህን ለማንም አልተናገረም። አንዳንዴማ ደስ ይለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በጥድፊያ ሲያልፈው የኖረው አገር አሁን ለዝቦና ቀርቦ፣ በሕልም እንደሚታይ ቦታ ሆኖለታል።

“አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ ገብረየስ!” አለው አንዱ ጭጋግ በኦሮምኛ፤ እንደምን አደሩ ማለቱ ነው።

“ነጋ ዳ!” ብሎ መለሰ። ማን እንደሆነ ሳያውቅ አለፈው።

አብዱሰመድ ሚስማር፣ ማጠፊያና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ አውራ ጎዳናው ዳር ነው። ክዳኗን ተቀብሎ ገለበጣት።

“ከውስጥ ፀሐይ ያላገኛት የድሮዋ ናት። ከውጭ ነጣ ብላለች። የትኛውን እንፈልግላት ጋሽ ገብረየስ?”

“የውጩን። አዲስ ቀለም በአሮጌ ላይ ካደረግኩበት የተጣፈ ሱሪ ነው የሚመስለው።”

“ልክ ነዎት።” አብዱሰመድ ሦስት ቆርቆሮ ከፍቶ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እያነሳ በጣውላ ቁራጭ ላይ ቀባ። ገብረየስ ክዳኗን በተራ በተራ አስጠጋቸው። ሁለቱ ከክዳኗ ራቁበት። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ግን ብረቱና ጣውላው የት ላይ እንደሚለያዩ ጠፋው።

“ይቺ ናት!” አለ።

አብዱሰመድ ሳቀ። የገብረየስን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

“ሱቁ ጨለማ ነው። እስቲ ደጅ ወጥተን እንያት።”

ደጅ ወጡ። ፀሐይዋ ጣውላው ላይ ፈሰሰች። ገብረየስ ዓይኑን አጥብቦ ደጋግሞ አየ።

“ይቺው ናት። መንታ ናቸው እኮ!”

አብዱሰመድ ጣውላውን ከእጁ ተቀበለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቆርቆሮ ይዞ ተመለሰ። “አንዷ እርስዎ የመረጧት ናት። ሲባጎ የታሰረባት ደግሞ ያላሳየሁዎት፣ እኔ የመረጥኳት። ሁለቱንም ይውሰዱና ወይዘሮ ስንዱ ይዩልዎት። ያልፈለጓትን ይመልሱልኛል።”

“ስንዱ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?”

“ስለ መኪና አይደለም ጋሼ” አለ አብዱሰመድ ዝግ ብሎ። “ስለ ቀለም ነው።”

ገብረየስ ግቢው ሲደርስ ስንዱ ጓዳ ነበረች። ሊጠራት አሰበና ተወው። የራሱን ቆርቆሮ ከፍቶ ብሩሹን ነከረ። ቀለሙ ስቱኮውን እየሸፈነ ሲሄድ ልቡ ረጋ። ከፋብሪካው በኩል የሚመጣው ጣፋጭ የሞላሰስ ሽታ፣ የብሩሹ ሹክሹክታ፣ በጀርባው ላይ ያረፈው ሙቀት አንድ ላይ ሆነው እንቅልፍ እንቅልፍ አሉት። ሲጨርስ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ተመለከተ። ጠባሳው የለም። መኪናው ምንም ያልነካው ይመስላል።

“ስንዱ! ነይ እዪልኝ!”

ስንዱ ከጓዳ ወጥታ መኪናው ፊት ቆመች። ፓራፋንጎውን አይታ በሩን አየች፤ ተመልሳ ፓራፋንጎውን አየች።

“ምነው?”

“ምንድን ነው የቀባኸው?”

“ቀለም ነዋ!”

“ገብሬ፣ ይሄ እኮ አረንጓዴ ነው። መኪናው ሰማያዊ ነው።”

“አትቀልጂ።”

ስንዱ አልሳቀችም። ገመድ ላይ የተሰጣውን ነጠላ አውርዳ ጥለቱን ዓይኑ ሥር ዘረጋችለት። “ይሄስ ምን ዓይነት ቀለም ነው?”

ገብረየስ አጎንብሶ አየ። “የመኪናዋ ዓይነት ነው” አለ በመጨረሻ።

“የየትኛው ጎኗ? የተቀባው ወይስ ያልተቀባው?”

ገብረየስ ብሩሹን ይዞ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስንዱም ነጠላዋን እንደያዘች አጠገቡ ተቀመጠች።

“ምሰሶው አልዘመመም” አላት።

“አውቃለሁ።”

“ሰኞ ዕለት ዓለም ገና ላይ አንዲት ቅጠል የተሸከመች ሴት መንገድ ታቋርጥ ነበር። ጥላ ነበር የመሰለችኝ። ጥላው ሲጮኽ ነው ፍሬን የያዝኩት። እሷን አልነካኋትም፤ ሸክሟ ግን መንገዱ ላይ ተበተነ።” ብሩሹን ከእጁ ወደ እጁ አዛወረ። “ወርጄ እንኳ አላነሳሁላትም።”

ስንዱ እጁን ያዘች። ቀለሙ ጣቶቿን ነካ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ምን ብዬ? ሾፌር ዓይኑን ካጣ ምን ይቀረዋል?”

“የዓይን ሞራ ነው። አባቴንም እንዲሁ ነው የጀመረው። ነጩን ቢጫ፣ ሰማዩን ሣር ይል ነበር። ያኔ የሚያነሳለት ሐኪም አልነበረም። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ያነሱታል ይባላል። ሠርጉ ይለፍና እንሄዳለን።”

ስንዱ ተነስታ ጨርቅ በቀለም ማሟሟያው አኳራጅ ነከረችና ገና ያልደረቀውን አረንጓዴ ትጠርገው ጀመር። ጠርጋ ስትጨርስ ሲባጎ የታሰረበትን ቆርቆሮ ከፍታ አስጠጋችለት።

“አንተ ቅባ። እኔ እነግርሃለሁ።”

“አይታየኝም እኮ።”

“እጅህ ያውቀዋል። ወደ ላይ ትንሽ። እዚያ ላይ አቅጥነው። አሁን ወደ መብራቱ ጎትተው። በቃ፣ በቃ!”

ለእሱ ከበፊቱ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ያ ቀለምና ይህ ቀለም አንድ ነበሩ። ብሩሹን የሚያስኬደው ድምፅዋን አምኖ ነው። ሥራው ሲያልቅ “አሁን ሰማያዊ ነው” አለችው፤ እሱም ሰማያዊ ነው ብሎ ተቀበለ።

“ለነገው ሁንዴን ልጥራው?” አለች ስንዱ፣ ወደ መሬት እያየች። ሁንዴ ከእነሱ ቤት በታች የሚኖር፣ ገብረየስ ፋብሪካ ሳለ መንዳት ያስተማረው ጎልማሳ ነው።

“እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ።”

ገብረየስ ደጁ ላይ ቆሞ ሲጠራው ሁንዴ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ። “ጋሼ፣ ደህና ነዎት?”

“ነገ ሆለታ ሠርግ አለን። አንተ ትነዳልናለህ?”

“እርስዎ እያሉ?”

“እኔም እመጣለሁ” አለ ገብረየስ። ምክንያት ሊፈልግ አሰበና ተወው። “ዓይኔ አላይ ብሎኛል ሁንዴ።”

ሁንዴ አንገቱን ደፋ። “ቶሌ፣ እሺ ጋሼ። በጠዋት እመጣለሁ።”

ገብረየስ ሲመለስ ፀሐይዋ ከግቢው ወጥታ አጥሩ ላይ ደርሳለች። እግሩ በልማድ ወደ ሾፌሩ በር ወሰደው፤ እጁም እጀታውን ያዘ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ እጀታውን ለቆ የኋላውን በር ከፈተና ገባ። እዚህ ወንበር ላይ መሐንዲሱ ተቀምጧል፣ ስንት እንግዳ ተቀምጧል፤ እሱ ግን አንድም ቀን አልተቀመጠም። ስፕሪንጉ ከሥሩ አቃሰተ። መሪው ከዚህ ሲያዩት ትንሽና ሩቅ ነው።

“ስንዱ፣ እስቲ ነይ።”

“እዚያ ምን ትሠራለህ?” እየሳቀች መጥታ አጠገቡ ገባች። ሁለቱም ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ፤ የቆመው መኪና የሚሄድ ይመስል ነበር።

“በቡራዩ ወጥተን የገፈርሳን ግድብ እናልፋለን አይደል?” አለ። “በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ነዳሁ! ውሃውን ግን በቅጡ አይቼው አላውቅም። ሾፌር የሚያየው መንገዱን ነው።”

“ሰፊ ነው” አለች ስንዱ። “ጠዋት ጠዋት ላዩ ይጨሳል።”

“ነገ ውሃው በሚታይበት በኩል እኔ ልቀመጥ” አላት። የመኪናውንም ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ ጠዋት ለሁንዴ እንድትሰጠው፣ መዳፏ ላይ አኖረው።