ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ዕለት

ደምመላሽ ኮምፒውተሩን ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስሮ ከሳን ሆዜ ወደ ኦክላንድ ሲነዳ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቁትን ሰዎች አንድ በአንድ በሆዱ እየናቀ ነበር። ታክሲ ነጂ፣ ጥበቃ፣ ፅዳት። እነዚህ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ምን ያውቃሉ? በዚያ በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ክረምት ዝናቡ አላባራ ሲል «ሞቀ የሚሉት ታዲያ የቱ ጋ ነው?» እያሉ ሲሳሳቁ ሰምቷቸዋል። እሱ ራሱ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት የሚቆርጥ መሆኑ ከቁጥር አይገባም፤ አገር ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነዋ።

የኮሚዩኒቲው ማኅበር ለልጆች የቅዳሜ ትምህርት የሳይንስ መምህር ሊመርጥ ነው፤ የዛሬው ማሳያ ፈተናው ነው። ደመወዝ የለውም። ግን መምህር ያሰኛል። ደምመላሽ በዚያ ስም ከተጠራ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ለማንም አይናገረውም እንጂ በጣም አምሮታል።

በዲስኬት የገዛው ፕሮግራም ቀላል ነው። ፋብሪካና መኪና በየዓመቱ የሚለቁትን ካርቦን ታስገባለህ፤ ጫካና ባሕር የሚወስዱትን እሱ ያውቀዋል፤ ከዚያ የመቶ ዓመቱን መስመር ይሥልልሃል።

«የሚለቀቀው ከዛሬው ሳይጨምር ቢቀጥል፣ አየር ላይ ያለው ካርቦን ምን ይሆናል?» ሲል አዳራሹ ፊት ቆሞ ጠየቀ።

«ባለበት ይቆማላ» አለ ሰብሳቢው ባስልኤል። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ለካ እነዚህም አንዳንዴ ያስባሉ፣ አለ ደምመላሽ በልቡ።

ከኋላ ወርቂቱ እጇን አወጣች። የሆቴል ላውንደሪ ውስጥ የምትሠራ ዝምተኛ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ እኔስ የሚጨምር ይመስለኛል። እኛ ጋ በቀን መቶ ኪሎ አንሶላ ይመጣል፤ ማሽኖቹ የሚያጥቡት ሰማንያ ነው። የሚመጣው ባይጨምርም ክምሩ ይጨምራል። ኦቨርታይም የሚያሠሩን ለዚያ ነው።»

ደምመላሽ ሳቀ። «የኔ እመቤት፣ ይሄ ሳይንስ ነው፣ አንሶላ አይደለም።»

አዳራሹም አብሮት ሳቀ። ወርቂቱ አንገቷን ደፋች።

ይህን ጥያቄ እቤቱ ሆኖ ሞክሮት አያውቅም፤ የሚያውቁትን ነገር ምን ብለው ይሞክሩታል? ቁልፉን ተጫነ። መስመሩ ወጣ። አሁንም ወጣ። መቶ ዓመት ሙሉ አንዴም ሳይቆም ወጣ።

ደምመላሽ ወዲያው ገባው፤ አንሶላው ነው። ጆሮው ጋለ፣ አፈረ። «ልክ ነሽ» ቢላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ባስልኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ይሆናል።»

«ፍሪዝ አድርጎ ነው፤ ሪስታርት ይደረግ» አለ ሌላው።

ክፋት አልነበረባቸውም። የተማረ ሰው በጉባኤ መሀል ከሚያፍር ዕቃው ይፈር፤ እኛ ዘንድ ወጉ እንዲህ ነው።

«አዎ፣ ፕሮግራሙ ችግር አለበት» አለ ደምመላሽ፤ ኮምፒውተሩን አጠፋው።

በሙሉ ድምፅ ተመረጠ፤ ተጨበጨበለት። ገመዱን እየጠቀለለ ሳለ ወርቂቱ ቀረበችው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳላውቅ ዘባረቅሁ። ልጄ ጠይቃኝ ያንኑ የአንሶላ ነገር አስረድቻት ነበር። ቤት ስገባ ባለበት ይቆማል ብያት አርማታለሁ።»

ደምመላሽ ቀና ብሎ አያት።

«ግድ የለም» አላት፣ «ቀስ እያለ ይገባሻል።»