ቀጭን ሰው ለምን ይሰጥማል?

ሠርክአዲስ ፍኖተ ሰላም ላይ ፊዚክስ ስታስተምር ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ነገር ውኃ ላይ ለምን እንደሚንሳፈፍ፣ ሌላው ለምን እንደሚሰጥም በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሥላ ታስረዳለች፤ ለፈተናም ታወጣዋለች። እሷ ራሷ ግን ከጉልበቷ ያለፈ ውኃ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን በመምህራን ክበብ ሻይ ሲጠጡ የስፖርት መምህሩ እንድሪያስ ስልኩን ወደ እሷ አዞረላት። የካቲት ውስጥ ባሕር ዳር ላይ የሚካሄድ የጀማሪዎች ትራያትሎን ማስታወቂያ ነበር። አምስት መቶ ሜትር ዋና፣ ከዚያ ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ፤ ሦስቱም ያለ ዕረፍት ተከታትለው።

«ሩጫው ላንቺ ምንም አይደል» አላት፤ ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ዳር ስትሮጥ ያያታል። «ብስክሌት የእኔን ትወስጃለሽ። ዋናውን ግን እኔም አልችል።»

ሠርክአዲስን ውድድሩ ብዙም አላጓጓትም። ያጓጓት ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ሲንሳፈፍ ምን ይሰማዋል?

ዋና የሚያስተምር ሰው ብላ ስትጠይቅ ከተማው ሳቀባት። በመጨረሻ ከማንኩሳ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች ቅቤ ሻጭ «ዋናተኛው ዘሩ አሉ አይደል?» አለቻት። አያ ዘሩ ድልድይ ሳይሠራ በፊት፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ ሰው በጀርባቸው እያዘሉ ሠላሳ ዓመት ያሻገሩ ሰው ናቸው።

ወንዙ ከጎደለ በኋላ፣ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ በእንድሪያስ ብስክሌት ሄደች። አያ ዘሩ ደጃፋቸው ላይ ቀንበር ሲጠርቡ አገኘቻቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት ሰላምታው ካለቀ በኋላ።

«የላቀው ልጅ ነኝ፤ አገሬ ዱርቤቴ ነው። ዋና እንዲያስተምሩኝ ብዬ ነበር፣ አያ።»

«ምን ልትሻገሪ? ድልድይ አለልሽ።»

«ምንም አልሻገርም። ለዋናው ብዬ ነው።»

አያ ዘሩ መጥረቢያውን አስቀመጡ። «ለዋናው ብሎ ውኃ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ፤ ተነሡም። «እስቲ ነይ።»

ሴት ልጅ ብቻዋን ከወንድ ጋር ወንዝ ወረደች እንዳይባል ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽም አብረው ወረዱና ዳር ላይ ተቀመጡ። ከመንደሩ በታች ወንዙ ሰፍቶ፣ ረጋ ብሎ የሚወርድበት ቦታ አለ። ሠርክአዲስ በስፖርት ልብሷ ገባች። ውኃው ደረቷ ላይ ሲደርስ ጥሩ ነበር። አያ ዘሩ ከጀርባዋ ደግፈው እግሯን ከመሬት ባነሡባት ጊዜ ግን ዓለም ተገለበጠባት። ጮኸች፣ ተራገጠች፣ ያገኘችውን ሁሉ ጨበጠች። ሲያወጧት የአያ ዘሩ ጉንጭ በጥፍሯ ተቧጭሮ ይደማ ነበር።

«ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው፤ ምን ያስወቅጥሻል?» አሏት ደሙን እየጠረጉ።

በኀፍረት ሁለት ሳምንት ሳትመለስ ቀረች። ነገሩ ግን አልለቀቃትም። የምታስተምረው ሕግ እውነት ከሆነ ለምን ሰጠመች? በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ኪሎ ቡና ይዛ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች፤ ከይቅርታው በፊት ጥያቄው አመለጣት።

«አያ፣ ሰው ሲፈራ ለምንድን ነው የሚሰጥመው?»

«እኔንም ሲገርመኝ የኖረ ነገር አለ» አሉ አያ ዘሩ። «ወፍራም ሴት ሳሻግር ላባ ናት። ቀጭን ጎረምሳ ግን የወፍጮ ድንጋይ ነው፤ ይዞኝ ይወርዳል። የሚነግረኝ ሰው አገኛለሁ ስል ሸመገልኩ።»

ሠርክአዲስ ይህን አስባው አታውቅም ነበር፤ ቢሆንም መልሱ ወዲያው መጣላት። «ቅቤ ውኃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል?»

«አሳምሮ።»

«የሰውም ስብ እንደዚያው ከውኃ ይቀላል። አጥንትና ጡንቻ ግን ይከብዳሉ። ጎረምሳው ስብ የለውም።»

አያ ዘሩ በአድናቆት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እንደ ሸምበቆ የቀጠኑት ወይዘሮ ሀብትነሽ «እኔ እንግዲያ አለቀልኝ!» ብለው ሳቁ።

«ፍርሃቱስ?» አሉ አያ ዘሩ።

«የፈራ ሰው ይጮኻል። ሲጮኽ ትንፋሹን ያወጣል፤ ሳንባው አየር ሲያጣ ደግሞ…» አለችና መሐል ላይ ቆመች። የተናገረችው ስለ ራሷ ነበር።

ዕለቱን ውኃው ውስጥ ገብታ ደረቷን በአየር ሞላችና ሳትተነፍስ በጀርባዋ ተኛች። የአያ ዘሩ እጅ ከሥሯ ወጣ። አልሰጠመችም። ጆሮዎቿ ውኃ ውስጥ ስለነበሩ ከታች ጠጠሮች ሲንከባለሉ፣ እርስ በርስ ሲጋጩ ትሰማ ነበር። ወንዝ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ማንም ነግሯት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ አልቀረችም። አያ ዘሩ የሚያውቁት ዋና አንድ ብቻ ነው፦ በጎን ተኝቶ፣ አንዱ እጅ ሰው እንደያዘ ሆኖ፣ በሌላው እጅና በእግር መግፋት። ያንኑ ተማረች። እሑድ ከሰዓት ደግሞ እስከ ቡሬ በብስክሌት ደርሳ ትመለሳለች፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ያንገዳግዳታል። ከብስክሌት ወርዳ ወዲያው ስትሮጥ ጉልበቶቿ የሌላ ሰው የሆኑ ያህል አልታዘዝ ይሏታል፤ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚመለሱላት በሰዓቷ ትለካለች። በመንገድ የሚያገኟት ገበሬዎች «መምህር፣ ማን ታሞብሽ ነው?» ይሏታል።

የካቲት ደረሰ። አያ ዘሩ ሐይቁን ማየት አለብኝ ብለው አብረዋት በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄዱ።

ተወዳዳሪዎቹ አርባ ስድስት ነበሩ። ፊሽካው ሲነፋ ሌሎቹ በደረታቸው እየቀዘፉ ነጎዱ፤ ሠርክአዲስ በጎኗ ተኝታ ተከተለች። መሐል ላይ ማዕበል አፏን ሞላው። አሳላት። የጀልባው ሰው «እህቴ፣ ላውጣሽ?» ሲላት መናገር ስላቃታት፣ አይ ለማለት እጇን አነሣች። እጅ ማንሣት ግን እርዱኝ ማለት ነው፤ ጀልባው ወደ እሷ መጣና ሰውየው ጎንበስ ብሎ ክንዷን ሊይዝ ሆነ።

«እንዳትነካኝ!» አለች በቀራት ትንፋሽ። ቃሉ ሲወጣ ሰውነቷ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማት። አልተራገጠችም። ደረቷን ሞላች፣ በጀርባዋ ተኛች፣ ሰማዩን እያየች፣ ሳሉ እስኪለቃት ጠበቀች። ከዚያ ዞራ ጉዞዋን ቀጠለች። ከውኃው የወጣችው ከመጨረሻው ሰው ፊት ነው።

በብስክሌት ስድስት ሰው አለፈች፤ በሩጫው አሥራ አንድ። ሃያ ስምንተኛ ሆና ገባች። ያለ ምክንያት እየሳቀች አያ ዘሩን ፈለገቻቸው። ሱሪያቸው እስከ ወገባቸው ርሷል።

«ገብቼ ፈተሽኩት» አሉ። «ይህ ውኃ አይገፋም። እኔ ሳስተምርሽ ወንዙ ያግዝሽ ነበር፤ እዚህ ግን ያገዘሽ የለም።» ፊታቸው በኩራት በራ። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለሽማግሌ ይፈቀዳል ወይ?» አሏት።

ተያይዘው መዝጋቢዋ ዘንድ ሄዱ። የዕድሜ ገደብ እንደሌለ ነገረቻቸው። ሠርክአዲስ ለወይዘሮ ሀብትነሽ ደወለች። «ብስክሌት መቼ ነድቶ ያውቃል?» የሚለው የወይዘሮዋ ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ አሳቀ።

አያ ዘሩ አልሳቁም። ዛፍ የተደገፈውን የእንድሪያስን ብስክሌት እያዩ ነበር። ቀጥ አድርገው አቆሙትና ለቀቁት፤ ሊወድቅ ሲል ያዙት። እንደገና ለቀቁት፤ እንደገና ያዙት።

«ሲቆም ይወድቃል» አሉ። «ሲሄድ ለምን አይወድቅም?»



«እሱን በደንብ አላውቀውም፣ አያ» አለች ሠርክአዲስ።

አያ ዘሩ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «እንግዲያው ያዢልኝ» አሉና እግራቸውን አነሡ።