ያልተናወጠው ጠረጴዛ

የጤና ረዳቷ አስካለ በሳህን ሙሉ ውሃ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው፣ ውሃው ወደ ድንኳኑ በር በኩል አዘነበለና በሳህኑ ጠርዝ አልፎ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ዋሴ መጋዙን በብብቱ እንደያዘ ጠብታውን አየ። ቀጥሎም የአስካለን ፊት አየ።

«አያ ዋሴ፣ ሰኞ ዕለት አስተካክለውት አልነበር?»

«እንዴታ! እስቲ ነቅንቂው።»

በሁለት እጇ ገፋችው። ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም።

«አይናወጥም» አለች ቀስ ብላ። «ግን አዘንብሏል።»

ዋሴ ነገሩ አልገባውም። በታች ጋይንት የእሱ ዱካ ላይ ያልተቀመጠ፣ እሱ የወጠረው ጠፍር አልጋ ላይ ያልተኛ ሰው ጥቂት ነው። ባለ ሦስት እግር ዱካ ከየትኛውም መሬት ጋር ይስማማል፤ ጣጣው ያለው አራት እግር ላይ ነው። ለዚህም መላ ነበረው። አልጋውን ባለቤቱ ቤት ወስዶ በቦታው ያቆመዋል፣ ከወለሉ ጋር እስኪስማማ ድረስ እግሩን ይቆርጥለታል፣ መናወጡን ሲተው ሥራው አለቀ። ወለሉ ተዳፋት ከሆነ አልጋውም አብሮ ያዘነብላል፤ ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ራስጌውን ወደ ላይ ማድረግ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ የከሰሰው አልነበረም። ሰኞ ዕለት፣ የረሃብተኞቹ መጠለያ የሕፃናት መመዘኛ ጠረጴዛ ተንገዳገደ ተብሎ ሲጠራም ያደረገው ይህንኑ ነው። ድንኳኑ የተተከለው ተረተር ላይ ነበር። ሦስቱን እግሮች እያሳጠረ ጠረጴዛውን ከተረተሩ ጋር አስማማው፤ በአንድ ጭልፋ ገንፎ አመስግነው ሸኙት።

አስካለ የወተት ዱቄት ከረጢት አንስታ ሚዛኑ ላይ አኖረች። «ከረጢቱ ላይ አሥር ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። ይኸው፣ ሚዛኑ አሥር ተኩል ይላል። ጠረጴዛው ሲያዘነብል ሚዛኑ ይዋሻል፣ አያ ዋሴ። ከሰኞ ጀምሮ ሲዋሽ ነበር።»

ያን ጊዜ ገባው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

የመጠለያው ሕግ ቀላል ነበር። ክብደቱ ከተወሰነው መስመር በታች የሆነ ሕፃን ይገባል፣ ወተትና አጥሚት ያገኛል። ከመስመሩ በላይ የሆነ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ረሃብ ለሁሉም የሚበቃ ምግብ አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት የዋሴ ልጅ የካሴ ሚስት ይታይሽ ዓለምዬን አዝላ መጥታ ነበር። ካሴ ለውትድርና ከተወሰደ ዓመቱ ነው፤ ከእሱ የቀረችው ያቺ የሁለት ዓመት ልጅ ናት። ሚዛኑ በትንሽ ከመስመሩ አሳለፋት። ይታይሽ ስታለቅስ ዋሴ ግን ደስ ብሎት ነበር። «ምን ያስለቅስሻል? ከሌላው ልጅ ትሻላለች ማለት እኮ ነው። ሚካኤልን አመስግኚ» ብሎ፣ ከአፋፉ ሥር ወዳለው ወደ ወላጆቿ ቤት የሸኛት እሱ ራሱ ነው።

«ስንት ልጅ መለሳችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«ዐሥራ አንድ።»

«ይጠሩ።»

«ያለ ጓድ ደምሌ ፈቃድ አይሆንልኝም።»

የመጠለያው ኃላፊ ደምሌ ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንደሻጠ ቁጭ ብሎ ሰማቸው። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ። «ጠረጴዛውን አቃኑና ሥራችሁን ቀጥሉ።»

«ልጆቹ ያልቃሉ፣ ጓድ» አለች አስካለ።

ደምሌ ወደ ዋሴ ዞረ። «ስማ፣ ሽማግሌ። ልጆቹ ይጠሩ ካልን ሚዛኑ ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው። ያበላሸውም ሰው ስም አለው፤ አሻጥረኛ ይባላል። የለም፣ ጠረጴዛው ደህና ነበር ካልህ ቤትህ ትገባለህ። የቱ ነው?»

ዋሴ አሻጥረኛ የሚባል ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል። ጎረቤቱ አበጀ በአንዲት ከረጢት ጨው ሰበብ ተወስዶ ይኸው አልተመለሰም። ፈራ፤ መፍራቱንም ለራሱ አልደበቀም። ግን ዓለምዬ እስካሁን ቆይታ ይሆናል፣ ከተጠራች ትደርስ ይሆናል።

«እኔ ነኝ የቆረጥሁት» አለ። «ሚዛኑ የተበላሸው በእኔ እጅ ነው።»

ደምሌ ልጆቹን የሚጠሩ ሁለት መልእክተኞች ላከ። በዋሴ ላይም አንድ ሚሊሻ አቆመበት። የሚወስደው መኪና በመጪው ሰኞ እስኪመጣ እዚያው ይቆያል፤ እስከዚያው ጠረጴዛውን ይጨርስ ተባለ።

ዋሴ የላይኛውን ተረተር የረገጡትን ሁለት እግሮች ጥቂት በጥቂት እየከረከመ፣ ሳህኑን እያስቀመጠ፣ ውሃውን እያየ ሠራ። በሕይወቱ እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው አለ በሆዱ። ቀትር ላይ ውሃው ረጋ፤ የወተቱም ከረጢት አሥር ሆነ።

ከሰዓት በኋላ እናቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ አሉ። ስድስት ልጆች ተመዘኑ፤ አምስቱ ከመስመሩ በታች ሆኑና ገቡ። ዋሴ ከሚሊሻው አጠገብ ቆሞ፣ አንድ ልጅ በገባ ቁጥር በአፋፉ በኩል የሚመጣውን መንገድ ያያል።

ይታይሽ የመጣችው ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። መጀመሪያ ያየው ከትከሻዋ በላይ ነበር፤ የልጅቷ ራስ አልነበረም። አንቀልባው ክንዷ ላይ ታጥፏል።

«እንዴት ዋሉ፣ አባባ» አለች ዝቅ ብላ።

«ዓለምዬስ?»

«ትናንት ቀበርናት። የምልከው ሰው አጥቼ ነው ያልላክሁብዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

አስካለ ፊቷን አዞረች። ዋሴ እንባው መጣ፤ አላበሰውም።

«ዛሬ ደግሞ ተመዝነው የተመለሱ ይምጡ ሲሉ ሰማሁ» አለች ይታይሽ። «ሞታለች ብላቸውም ሥርዓት ነው፣ ሂጂ አሉኝ። ምን ፈልገው ነው የጠሩኝ፣ አባባ?»

ደምሌ ፊት ቃሉ ሳይወላከፍ ወጥቶለት ነበር። አሁን ግን አጠገቡ ያለውን ዱካ ሳበላት።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አላት።

አልተቀመጠችም። አንቀልባውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ቆሜ እሰማለሁ» አለችው፤ «ይንገሩኝ።»