ካፖርቱን የተከተሉ አይጦች

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነበር፤ ከአይጥ ይልቅ ከካሜራ ጋር ይበልጥ ይተዋወቃል። እሷ የአይጦቹ መጋቢና መዝጋቢ ነበረች፤ እጇ ከሰጋቱራና ከሳሙና ሽታ ተላቆ አያውቅም። እሱ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ጉሮሮውን ጠርጎ እስኪጨርስ፣ እሷ ሁለት የሽቦ ቤት አጽድታ ሦስተኛውን ትከፍታለች።

የጥናቱ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ በተወለዱ በሰባተኛው ቀን ማደንዘዣ የተሰጣቸው የአይጥ ግልገሎች ሲያድጉ ትምህርት ይገባቸዋልን? መፈተኛው ክብ ገንዳ ነው። ውሃው በዱቄት ወተት ይደፈርሳል፤ መቆሚያ ከሥሩ ይደበቃል። አይጧ በሩንና መስኮቱን እያየች መቆሚያው የት እንደነበር ማስታወስ አለባት። ያስታወሰች ቶሎ ትወጣለች፤ የረሳች ትዞራለች።

ሁለት ወር ሙሉ፣ የተደነዘዙትም ያልተደነዘዙትም እኩል ወጡ። ኃላፊው «ማደንዘዣው በባሕርይ ላይ አንዳች ጉዳት አያስከትልም» ብሎ ጻፈ፤ የጻፈውንም ጮክ ብሎ አነበበና ራሱ ተደነቀ።

ከዚያም ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ ወደ ጉባኤ ሄደ። ካፖርቱ ለጉባኤ ብቻ የሚለበስ፣ በቀረው ጊዜ እንግዳ እንዲያየው በነጩ ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከተደበቀው መቆሚያ በላይ በተመታ ምስማር የሚሰቀል ነበር። በዚያ ሳምንት እሷ ብቻዋን ፈተነች። ያልተደነዘዙት እንደ ወትሯቸው መቆሚያው ላይ ወጡ። የተደነዘዙት ግን ባዶውን ግድግዳ እያዩ ዞሩ፣ ደግመውም ዞሩ፤ አንድ በአንድ እያወጣች በፎጣ አደረቀቻቸው። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ቦታውን አላስታወሱም፤ ወደ ካፖርቱ ነበር የሚዋኙት።

ሲመለስ ነገረችው።

«አይጥ ስለ ካፖርት ምን ታውቃለች?» አላት።

«ጥራቱን አታውቅም፣ ጋሼ። ጥቁረቱን ግን ታያለች።»

«ውሃው ቀዝቅዞባቸው ይሆናል።»

«ሙቀቱ በየቀኑ ተመዝግቧል።»

«እንግዲያው መዝገቡን ዝጊና ፈርሚ። ያለ መዝጋቢ ፊርማ ጽሑፉ ወደ ገምጋሚዎቹ አይሄድም። ስምሽ ከስሜ ቀጥሎ ነው የሚገባው፤ ስንቱ ይመኘዋል። እምቢ ካልሽ ደግሞ አይጥ መጋቢ አላጣም።»

ከፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት እንኳ አላገኘችም፤ ሰውየው ከልቡ ነበር። ሁለት ወር የተፈተነው ካፖርቱ፣ ያለፈውም ካፖርቱ፤ ምስጋናውን ሊቀበል የተዘጋጀው ግን ለባሹ።

እሑድ አማቷ ምሳ ጠሩ፤ ለጽሑፉ ደስታ መሆኑ ነው። ኃላፊው ካፖርቱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጥፎ ስለ ግኝቱ ሲያወራ ሾርባው በረደ። ባሏ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ነካ አደረጋት። ነገሩን ሌሊቱን ሲመክሩበት ስላደሩ፣ ምን ልትል እንደሆነ ያውቃል።

«አንቺስ፣ ልጄ፣ ዝም አልሽ?» አሉ አማቷ። «ተዪው፤ ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም፣ እማማ፤ መዝገብ ግን ይነቅዛል» አለችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሁላችሁም ባላችሁበት ልናገር። አልፈርምም። ካፖርቱ ያልነበረበትን ሳምንት ጨምሬ መዝገቡን ዓርብ ዕለት ለገምጋሚዎቹ ሰጥቻለሁ። ጋሼ ሌላ መጋቢ ካገኙ ቁልፉን አስረክባለሁ። እስከዚያ ግን ነገ ጠዋት ፈተናው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ምስማሩንም ነቅዬዋለሁ።»