ካርታ ላይ ያለ መቃብር

ስትራውድ ካርታውን አየ፤ ዴልፊናን አየ፤ ተመልሶ ካርታውን አየ። ጎረቤት ያመጣው ምግብ የኩሽናውን ጠረጴዛ ሞልቶት ስለነበር የባቄላውን ድስት ወደ ዳር ገፍታ ነው የዘረጋችለት።

«ይኸው መስቀሉ» አለች ጣቷን ጫን አድርጋ። «‹መቃብር› ይላል። መነጽርህን ረስተህ ከሆነ የአባቴን አውስሃለሁ፤ እሱ ከእንግዲህ አይፈልገውም።»

ስትራውድ ሊስቅ ብሎ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ሰበሰበ። የከብት እርባታውን ከነእሾሁ ከነነዳጅ ጉድጓዱ የገዛው በቅርቡ ነው። ዴልፊና አባቷን እዚያ ልቅበር ስትለው መጀመሪያ መሬቴን የመቃብር ቦታ አላደርግም ብሎ ነበር። አሁን ቀስ ብሎ አሰበበት። አዲሱ ካርታ ላይ መስቀል የለም፤ አሮጌውም ግን የመንግሥት ካርታ ነው። እንደምትለው ሕፃን ወንድሟ ቀድሞ እዚያ ተቀብሮ ከሆነማ፣ አባትን ከልጁ የሚለይ ጨካኝ አይደለም። ነገ ጠዋት እስካቫተሩን እንደሚልክ ተናግሮ ቡናውን ቆሞ ጨለጠና ወጣ።

ዴልፊና ወደ ሳሎን ዘለቀች። እናቷ ኤውላሊያ መቁጠሪያ በያዙ ሴቶች መሃል ተቀምጣ ጸሎቱን ትከተላለች። ልጇ በጆሮዋ «ፈቀደ» ስትላት ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ኤውሴቢዮ ከሞተ ጀምሮ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ከሕፃን ልጃቸው ጎን እንዲያሳርፉላት፣ ቀኗ ሲደርስ እሷንም እዚያው።

ዴልፊና ቦታውን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቷ በአሮጌዋ ፒካፕ ይወስዳቸዋል። የድንጋይ ክምር አለ፤ ነፋስ የጣለው፣ ድሮ ውሃ ይስብ የነበረ የንፋስ መዘውር ከጎኑ ዝጎ ተጋድሟል። አባቷ የዚያ አገር መዘውር ሁሉ ጠጋኝ ነበር። ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ያወራል እያሉ ያሙት ነበር፤ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው በቅንድቡ ነው። እዚያ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ብሎ ይቆማል። እናቷ የፕላስቲክ አበባ ታስቀምጣለች። የነዳጅ ኩባንያው መንገድ ከማዶ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይመጣና እዚያ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ክምሩን ዞሮ ያልፋል። «ለወንድምሽ ብለው ነው» ትላት ነበር እናቷ፣ ልጇ ሹመት ያገኘ ይመስል ኮራ ብላ።

ጓሮ ውስጥ ለለቀስተኛው ሥጋ የሚጠብሰው ታቾ ነው፤ የአባቷ የሥራ ጓደኛ፣ አሁን ጎብጦ የቀረ ሽማግሌ። በመቆንጠጫው ጠራት።

«ስትራውድ ምን አለ?»

«እሺ አለ። እምቢ ቢል አካፋ ይዤ እገባለት ነበር፣ ዶን ታቾ።»

«እሱንማ ማን ይጠራጠራል። ቄሱን ስብከትዎ ረዘመ፣ ወጡ አረረብን ያልሽ ሴት።» ሥጋውን ገለበጠ። ሳያስፈልገው መልሶ ገለበጠው። «ዴልፊ፣ እዚያ ማንም የለም።»

ቢራ የጠጣ መስሏት ቡና ላምጣልዎ አለችው። አልፈልግም ብሎ ዓይኑን ከፍሙ ላይ ሳያነሳ ነገራት።

እሷ ሳትወለድ ካርታ የሚያነሳ ሰው ከመንግሥት መጣ። የያኔው የእርባታው ጌታ ኤውሴቢዮና ታቾ አገሩን እንዲያሳዩት አዘዘ። ሰውዬው ወጣት ነው፤ ስፓኒሽ ተምሬያለሁ ብሎ ስለሚኮራ በእንግሊዝኛ ሲመልሱለት ይከፋዋል። ክምሩ ጋ ሲደርሱ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አለ። እዚያ መዘውር በተከሉ ቁጥር ነፋሱ ይገነድሰዋል፤ ድንጋዩ የመሠረቱ ፍርስራሽ ነው። ኤውሴቢዮ ግን እንደ ልማዱ አሳጥሮ «ላ ቱምባ» አለ። ነፋሱ ይጥለዋል ማለቱ ነው። በስፓኒሽ መቃብርም ያው «ላ ቱምባ» ነው። ካርታ አንሺው ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

«መኪና ውስጥ እስክንገባ ሳቃችንን ስንውጥ ልንፈነዳ ነበር» አለ ታቾ።

ሳቁ ግን ክረምቱን አልተሻገረም። ኤውላሊያ ከተማ ወርዳ ክሊኒክ ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑ ውሎ አላደረም፤ እሷም በትኩሳት ራሷን ስታ ነበር። ኤውሴቢዮ ከሩቅ ግጦሽ ሲጠራ የአሸዋ ማዕበል መንገዱን ዘግቶበት ቆየ። ሲደርስ ልጁን ከሌሎች ጋር ቀብረውታል። የት እንደሆነ የሚያሳየው ሰው አላገኘም።

«አብሬው ነበርኩ» አለ ታቾ። «ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ዝም በል ካልሽኝ ዝም እላለሁ። ግን ነገ ያቺ ማሽን አፈሩን ስትገልጥ ሳታውቂ እንዳትቆሚ ብዬ ነው።»

ዴልፊና ያለ ሐሰት ኖሬያለሁ ብላ የምትመካ ሴት ናት፤ ለዚህም ብዙ ወዳጅ አጥታለች። ለስትራውድ ብትነግረው ፈቃዱን ያነሳል። ለእናቷ ብትነግራት ደግሞ አሮጊቷ በባሏ ለቅሶ ላይ ልጇን እንደገና ታጣለች፤ ያውም ያለ ቦታ። ቢሆንም እግሯ ወደ ሳሎን ወሰዳት። ሴቶቹ ምግብ ለማቅረብ ተነሥተው እናቷ ብቻዋን ነበረች።

«እማዬ፣ ያ ካርታ…»

«ያ ካርታ ነው ከአልጋ ያስነሳኝ» አለች ኤውላሊያ ሳታስጨርሳት።

ከዚያ ወሊድ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ባሏ በገባ ቁጥር ልጄን የት አደረግኸው ትለዋለች፤ እሱ ባርኔጣውን እያሻሸ ተመልሶ ይወጣል። ወሬኛው ሁሉ አበደች ይል ጀመር። ካርታው ታትሞ የመጣ ጊዜ ግን ጠቅልሎ ይዞት ገባ። ብርድ ልብሷ ላይ ዘርግቶ ጣቷን ያዘና መስቀሉ ላይ አሳረፈው። እዚህ ነው፣ መንግሥትም ያውቀዋል አላት።

«አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ቃል ከአፉ በጉጠት ነው የሚወጣው» አለች አሮጊቷ። «ያን ቀን ግን ምሳ እስኪደርስ አወራ። አፈሩ እንዴት እንደነበር፣ በራሱ ሸሚዝ እንደጠቀለለው፣ ነፋሱ እንዳያገኘው ድንጋይ እንደከመረበት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ተነሥቼ ምሳ ሠራሁለት።» ቀና ብላ ልጇን አየቻት። «ምን ልትይኝ ነበር?»

«ስትራውድ ካርታውን ወደደው ልልሽ ነው» አለች ዴልፊና፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

በማግስቱ ስትራውድ ራሱ ከእስካቫተሩ ጋር መጣ። ኤውላሊያ የፒካፑ ጋቢና ውስጥ ሆና በመስኮት ታያለች። ታቾ ከማሽኑ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሹፌሩ የማሽኑን ክንድ ከፍ አድርጎ ሊጀምር ሲል ተወውና ሞተሩን አበረደ። አንገቱን አወጣ።

«ሕፃኑ በየት በኩል ነው? እንዳልነካው።»

ታቾ መሬት መሬት አየ። ስትራውድ ወደ ዴልፊና ዞረ። ከፒካፑ መስኮት ደግሞ እናቷ ትጠብቃለች።

ዴልፊና ክምሩን አለፍ ብላ ሄደችና ተንበረከከች። ክንዷን ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ አሸዋው ላይ አጋደመች፤ ሕፃን ሲታቀፉት የሚይዘውን ያህል። ከዚያ በሌላው እጇ ጣት ዙሪያውን አሰመረች። አሸዋው ልቅ ነውና መስመሩ እየተናደ ይሞላል፤ እሷም ደግማ ታሰምራለች።

«እዚህ ነው» አለች። «ትንሽ ፈቀቅ በልለት።»

ሹፌሩ ማሽኑን ወደ ኋላ መለሰ፤ በሩቁ ዞሮ ከማዶ ቆመና መቆፈር ጀመረ። ዴልፊና ግን አልተነሣችም። ካሰመረችው መሃል ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ እንዳይቆረቁሩት።