ማክሰኞ ሦስት ሰዓት

ሽፈራው ኮሎምበስ ከተማ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ያለችውን ሱቁን ከከፈተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ደንበኛ በገባ ቁጥር ከፊቱ አስቀድሞ እጁን ማየት የጀመረው ግን ባለፈው ኅዳር ነው። ያ ዓመት ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ጨዋውን ከሌባው መለየት ያቃተበት ዓመት ነበር። አንድ ማስክ ያደረገ ሰውዬ እንደማንኛውም ገበያተኛ ገባና የሽፈራው ሚስት አፀደ ግንባር ላይ ሽጉጥ ደግኖ፣ የሳጥኑን ገንዘብ ጠራርጎ ወጣ። ሽፈራው ጤፍ ሊጭን ሄዶ ነበር። አፀደ አንዲት ጭረት እንኳ አልደረሰባትም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሱቁን ደጃፍ አልረገጠችም። "እግሬ እምቢ አለኝ" አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሱቁ ያለ አፀደ ሱቅ አልሆነም። ደንበኛው የሚመጣው ለበርበሬው ብቻ ሳይሆን ለእሷም ጨዋታ ነበር። የሽፈራውን ፊት ለማየት ብሎ በዚያ ብርድ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም፤ ይህን እሱ ራሱ አሳምሮ ያውቃል። ታዲያ አንድ ሐሳብ ገባበትና አልወጣ አለ። ካውንተሩ ሥር አንድ ሽጉጥ ቢቀመጥ አፀደ ትመለሳለች። ይህን ሲያስብ እሷን ጠይቋት አይደለም። አንዳንድ ባል ሚስቱን ከመጠየቅ መሣሪያ መግዛት ይቀለዋል።

መግዛቱም ቢሆን አልቀለለውም። የመሣሪያ መሸጫዎቹ መደርደሪያ ባዶ ነበር። የኦሃዮ ሰው መጀመሪያ የሽንት ቤት ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ሽጉጡን ገዝቶ ጨርሶታል። ሽፈራውም ኢንተርኔት ላይ ገባ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ተበላ። ሻጩ ፓስተር ነኝ ያለ ሰው ነበር። ከውሻው ጋር የተነሣውን ፎቶ ላከለት፣ ባረከው፣ ሽጉጡን ቤትህ ድረስ በፖስታ እልክልሃለሁ አለውና ክፍያውን በጊፍት ካርድ ጠየቀው። ሽፈራው ካርዶቹን በሳንቲም እየፋቀ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ አነበበለት። ፓስተሩ ቀጥሎ የኢንሹራንስ አለ፤ ያንንም ላከ። ከዚያ በኋላ ፓስተሩም ውሻውም ጠፉ።

ይህን ጉድ ለአፀደ አልነገራትም። የነገረው ለዮኤል ብቻ ነው። ዮኤል ባንክ ጥበቃ ላይ ሲሠራ የኖረ፣ ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ጓደኛው ነው።

"ጋሼ፣ ሽጉጥ እንደ ፒዛ ቤት ድረስ ዴሊቨር ይደረጋል ያለህ ማነው?" አለው ዮኤል ሳቁን እየዋጠ። "ፈቃድ ያለው ሱቅ ሳይገባ በፖስታ የሚመጣ ነገር አይደለም እኮ። ሁለተኛ እንዳትሸወድ። ዕቃውን ሳታይ አምስት ሳንቲም እንዳትልክ። ስምህንና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፎ ከሽጉጡ ጋር ፎቶ ያንሣልህ፤ ሌባ የሰው ፎቶ ነው የሚልከው። ከዚያ መሣሪያ ሱቅ ተገናኙ፤ እነሱ የሽጉጡን ቁጥር አይተው፣ ወንጀል እንደሌለብህም ባክግራውንድ ቼክ አድርገው ትራንስፈሩን፣ የስም ዝውውሩን ይሠሩታል። ደግሞ ዋጋው ከረከሰ፣ ከቸኮለ፣ ስልክ አላነሣ ካለ፣ ሩጥ!"

ሽፈራው ምክሩን ቃል በቃል ያዘ። ድሮም ሰው ቶሎ አያምንም ነበር፤ አሁን ደግሞ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላል ብቻውን፣ ምስር እየመዘነ።

የካቲት መግቢያ ላይ፣ የኮሎምበስ ሐበሾች ዕቃ በሚገበያዩበት አራት ሺህ ሰው ባለው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ በሚሸጥ ሶፋና በሚከራይ ቤዝመንት መሃል አንድ ማስታወቂያ ወጣ። "ናይን ሚሊ ሽጉጥ፣ እንደ አዲስ፣ በአስቸኳይ የሚሸጥ።" የሻጩ ስም ጀማነህ ነው። ዋጋው የገበያው ግማሽ ነው። ረከሰ፣ ቸኮለ አለ ሽፈራው በልቡ፣ ሁለቱን ጣቶቹን አጥፎ። ሆኖም ከኅዳር ወዲህ ያገኘው ሌላ ሽጉጥ ስለሌለ ጻፈለት።

"ለምንድነው የምትሸጠው?"

"የግል ጉዳይ ነው ጋሼ። ቤቴ ውስጥ እንዲያድር ስለማልፈልግ ነው።"

የግል ጉዳይ! ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ ሰው ተገድሎበታል። ሽፈራው ወዲያው ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ከሰዓታት በኋላ "ይቅርታ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ዌርሃውስ ውስጥ ስልክ አይፈቀድም" የሚል መልእክት መጣ። ሦስተኛው ጣት ታጠፈ። ፎቶውን ጠየቀው፤ ፎቶው መጣ። ጠረጴዛ ላይ ሽጉጡ አለ፣ ከጎኑ "ጋሼ ሺፈራው" የሚል ወረቀት ከነቀኑ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ሮዝ የሕፃን ጫማ ትታያለች። ሽፈራው ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ግማሽ ሰዓት መረመረው። ስሜን በ"ሺ" የሚጽፍ ምን ዓይነት ሐበሻ ነው? ይህችስ ጫማ የማን ናት? ከሰው ቤት የተሰረቀ ፎቶ መሆን አለበት አለ።

ክፉው ነገር፣ ሰውዬው ለሁሉም ነገር እሺ ማለቱ ነው። ቅድሚያ ገንዘብ አልልክም ሲለው እሺ አለ። ሂሊያርድ ያለው መሣሪያ መሸጫ ተገናኝተን ትራንስፈር እናደርጋለን ሲለው እሺ አለ። መንጃ ፈቃድህን አያለሁ ሲለውም እሺ አለ። ይህን ያህል እሺ የሚል ሰው ሽፈራው በዕድሜው አላየም፤ ሚስቱም ብትሆን ይህን ያህል እሺ ብላው አታውቅም።

"ማክሰኞ ሦስት ሰዓት፣ መሣሪያ ሱቁ በር ላይ" ብሎ ጻፈለት።

"እሺ ጋሼ፣ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት። ዛሬ ቢሆንልኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።"

ማክሰኞ ሽፈራው የራሱን ሱቅ ዘግቶ ሄደ። ለቀጠሮው ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሰና መኪናውን ከበሩ ራቅ አድርጎ፣ ገቢና ወጪውን እንዲያይ አስተካክሎ አቆመ። ከገንዘቡ ግማሹ ካልሲው ውስጥ ነበር። በረዶው ይወርዳል፤ መስኮቱን እየጠረገ ያያል። አንድ ፈረንጅ ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ አይቶ የጀማነህ ግብረ አበር ነው ብሎ ታርጋውን መዘገበ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። የሐበሻ ቀጠሮ ነው፣ ይሁን ብሎ ታገሠ። ደወለ፤ ዝግ። አራት ሰዓት ሆነ፤ ዝግ። አምስት ሰዓት ሲሆን ጣቶቹ ደንዝዘው፣ የታኅሣሡ ንዴት ከነሙሉ ትኩሳቱ ተመለሰበት። እዚያው መሪው ላይ ተደግፎ ግሩፑ ላይ ጻፈ።

"ወገኖቼ ተጠንቀቁ! ጀማነህ የሚባል ሰው ሽጉጥ እሸጣለሁ እያለ ሕዝብ ያጭበረብራል። ቀጥሮ ይሰወራል። የቴሌግራም ፎቶውና ስልኩ ይኸው። ለሌላው አስተላልፉ።"

ለጥፎ ሲያበቃ ቁጥሩን ብሎክ አደረገው። ደስ አለው፣ ምን ይደበቃል። ሕዝቡም አላሳፈረውም። አንዱ "እኔንም ሊሸውደኝ ነበር" አለ፣ ጀማነህን በዓይኑም በጆሮውም የማያውቀው። ሌላዋ "ፊቱ ራሱ ይናገራል" አለች። ማክሰኞ ሳይመሽ ማስጠንቀቂያው ከኮሎምበስ አልፎ ዳላስና ሲያትል ደርሶ ነበር። ሽፈራው ለዮኤል ደውሎ "ሁለተኛ አልተበላሁም!" አለ።

ዓርብ ረፋድ ላይ የሱቁ በር ተከፈተ። ማስኩን እስከ ዓይኑ የሳበ፣ ሁለት እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ የወሸቀ ሰው ገባ። ሽፈራው ዓይኑን ኪሶቹ ላይ ተከለ። እጁን ከኪሱ ያወጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ ከሰውዬው ኋላ አንዲት ሴት ተከትላ ገባች። አፀደ ናት። ሦስት ወር ሙሉ እግሯ እምቢ ያላት አፀደ።

"እንዴት መጣሽ?" አለ ሽፈራው፣ ደስታና ድንጋጤ ተደባልቆበት።

"በዚህ ሰውዬ መኪና" አለች። ዓይኗ ቀልቷል። "ታውቀዋለህ?"

ሰውዬው ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገ። ከኪሱ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ካውንተሩ ላይ አስቀመጠ። "ጀማነህ ነኝ ጋሼ" አለ። "ሌባው።"

ሽፈራው ለመጮህ አፉን ከፈተ፤ ጀማነህ ግን ቀደመው። "ሦስት ሰዓት ብለውኝ ሦስት ሰዓት ላይ ተገኝቻለሁ። ሱቁ እስኪዘጋ በረዶ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ብደውል፣ ብደውል አይሠራም። ለካ ብሎክ አድርገውኛል።"

"አንተ ሰው አትዋሽ! ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም!"

"እንዴት ይሆናል ጋሼ? እኔ ከሺፍት የምወጣው ሁለት ተኩል ነው። ከዌርሃውሱ ቀጥታ ነዳሁት፣ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ነበርኩ። ሱቁ ስድስት ላይ ሲዘጋ ነው የሄድኩት፣ ጨልሞ ነበር።"

"ስድስት ሰዓት ላይ ምን ጨለማ አለ? እኩለ ቀን አይደለም እንዴ?"

መጀመሪያ የገባት አፀደ ናት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ግንባሯን ያዘች።

"ሽፈራው፣ ሦስት ሰዓት ስትለው የጠዋቱን ነው?"

"ታዲያስ! የሐበሻ ሦስት ሰዓት ነዋ፣ ጠዋት!"

"እኔ ስሪ ፒኤም፣ የከሰዓቱን ነው የመሰለኝ" አለ ጀማነህ፣ ድምፁ እየሰለለ። "ጋሼ፣ ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። እዚህ በሐበሻ ሰዓት የቀጠረኝ ሰው ከእርስዎ በቀር የለም።"

"በአማርኛ ተጽፎ!" አለ ሽፈራው፤ ግን ቁጣው ጉልበት አጥቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ኖሮ፣ በአማርኛ ሲናገር ሰዓቱን ቀይሮ አያውቅም፤ ሌላው የሚቀይር መሆኑም ትዝ ብሎት አያውቅም። ሁሉን ጠርጥሯል። ፎቶውን፣ ስሙን፣ ጫማዋን፣ ፒክአፑን ጠርጥሯል። የራሱን ሰዓት ብቻ አልጠረጠረም።

"ፋንቱ ትናንት ቤት መጥታ አልቅሳ ሄደች" አለች አፀደ። "የማኅበር እህቴ ናት፣ የዚህ ሰው ሚስት። የአራት ዓመት ልጃቸው ሽጉጡን ከፍራሽ ሥር አውጥታ 'ዳዲ፣ ሉክ!' ብላ ይዛ መጣች። ፋንቱ ወይ ሽጉጡ ይወጣል ወይ እኔ እወጣለሁ ስትለው፣ ይሄ ሰውዬ ማክሰኞ ይሸጣል ብሎ ማለላት። ማክሰኞ ሽጉጡን ይዞ ተመለሰ። እሷ ደግሞ ያንተን ጽሑፍ አነበበች። 'መጀመሪያውኑም ልትሸጠው አልነበረም፣ በእኔም በሰውም ተጫወትክ' ብላ ልጇን ይዛ ሚነርቫ ፓርክ ያለው እህቷ ቤት ገባች።"

ሽፈራው አፈረ። እፍረቱ ከአንገቱ ተነሥቶ ጆሮው ድረስ ሲግል ተሰማው። ታኅሣሥ ላይ ፓስተሩ ሲያታልለው እንኳ እንዲህ አላፈረም፤ ያኔ የተበደለው እሱ ነበር።

"አሁን የት ነው ያለው?" አለ በቀስታ።

"መኪናው ውስጥ ተቆልፎበታል። ለሰው እንዳልሸጠው ማን ይገዛኛል? ሥራ ቦታ ሐበሾቹ ምሳ አብረውኝ መብላት ትተዋል።"

"እኔ እገዛዋለሁ። እንዲያውም በሙሉ ዋጋው። አፀደ፣ መቼስ ላንቺ ብዬ ነው፣ እዚህ እንድትመለሺ..."

"ለእኔ?" አለች አፀደ። "ጠየቅኸኝ? ግንባሬ ላይ የተደገነውን ዕቃ ወንድሙን አምጥተህ ጉልበቴ ሥር ልታስቀምጥልኝ? እሱን እያየሁ ነው ዘይት የምሸጠው?"

አፀደ ካውንተሩን ዞራ ገባችና ከቦታው ገፋ አደረገችው። "መጀመሪያ የጻፍከውን አጥፋ። የሰውን ስም መልስ። ከዚያ ሁለታችሁም ሂሊያርድ ሂዱና ለመሣሪያ ሱቁ ሽጡት። ወረቀቱን ፋንቱ ትይ።"

"ብቻሽን ትቼሽ?"

አፀደ በሩን አንዴ አየችው። ሚዛኑን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። "ሂድ አልኩህ" አለች።

ሽፈራው ቆሞ የድሮውን አጠፋና አዲስ ጻፈ። ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ፣ ጀማነህ ቀጠሮውን አክብሮ እንደነበር፣ ሰዓቱ እንዳምታታቸው ገልጾ፣ ስሙን ከነፎቶው ያነሣ ሁሉ እንዲያጠፋው ለመነ። በዕድሜው እንዲህ ረጅም ይቅርታ ጽፎ አያውቅም። ከለጠፈ በኋላ በጀማነህ መኪና ሄዱ።

ሂሊያርድ ያለው ሻጭ መደርደሪያው ባዶ ስለነበር ሽጉጡን በደስታ ተቀበለ። ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ አየ፣ ንጹሕ ነው አለ፣ ከፈለና ደረሰኝ ሰጠ። ጀማነህ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ ለፋንቱ ላከ። ወዲያው መልስ አልመጣም። መኪና ውስጥ ገብተው ሞተሩ እስኪሞቅ ሲጠብቁ፣ ጀማነህ ፊቱን ሳያዞር ጠየቀ።

"ጋሼ፣ ይቅርታውን ስንት ሰው አየው?"

ሽፈራው ስልኩን ከፈተ። የማክሰኞው ማስጠንቀቂያ ከእሱ ዘንድ ቢጠፋም በየግሩፑ ተባዝቶ አሁንም ይዞራል፤ አንዲት የማያውቃት ሴት ከቶሮንቶ "እግዚአብሔር ይስጥልን ስላሳወቁን" ብላ ለእሱው ልካለታለች። ይቅርታውን ያዩት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ከሥሩ አንድ ሰው ብቻ ጽፏል፦ "ሶፋው ተሸጧል?"

"ብዙ ሰው" አለ ሽፈራው። "በጣም ብዙ ሰው አይቶታል።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ ጀማነህ፣ አምኖት።