በሲላስ ስም የተላከ ጥቅል

ደንበኞቼ ስለ ቀለም ብዙም አይጠይቁኝም። የሚጠይቁኝ ስለ መላኪያው ነው። ማን ይዞት ይመጣል? ላዩ ላይ ምን ይጻፋል? መንገድ ላይ ሰው ይከፍተዋል?

የምሸጠው በኪሮሽ የተሠራ ጡት ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። በካንሰር ምክንያት ጡታቸው የተቆረጠ ሴቶች እየመጡ ጥጥ ሲገዙ ሁለት ዓመት አየሁ። ጥጡ ለቁስል አልነበረም። ቀሚሳቸው ውስጥ ያደርጉታል፤ ሲያልባቸው ይሟሽሻል፣ ሲራመዱ ወደ ብብት ይሸሻል። ስለዚህ ከጥጥ ክር መሥራት ጀመርኩ። ክብደት እንዲኖረው መሀሉ ላይ ትንሽ የተልባ ከረጢት እሰፋበታለሁ፤ ተልባ በጨርቅ ውስጥ ሲሆን እንደ ሰውነት ይተኛል። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፤ ሴቶቹ ለብቻዬ ይጽፉልኛል።

አባቴ ጀላል ዊንጌት ሰፈር ሱቅ አለው። እሱ የሚያውቀው የሕፃን ኮፍያ እንደምሠራ ነው። ተልባውን የምወስደው ከእሱ ጆንያ ነው፤ ሳልነግረው።

ደሳለች የምትባል የሆሳዕና መምህርት አንድ አዘዘችኝ። “ሰኞ ክፍል እገባለሁ” ብላ ጻፈችልኝ። “ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ስምንት ወር ሆነኝ። ፈቃዴን ሁለት ጊዜ አስረዝሜያለሁ፤ ሰኞ ካልገባሁ በቦታዬ ሌላ ይተካሉ። የማስተምረው ደግሞ አራተኛ ክፍል ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ያየውን ነው የሚናገረው።”

ሦስቱን መንገድ ዘረዘርኩላት። ፖስታ ቤት ደረሰኝ ይሰጣል፣ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ግን ቀን ይፈጃል፣ ተቀባይዋም መታወቂያ ይዛ መስኮቱ ላይ መቆም አለባት። አውቶቡስ በዕለቱ ይደርሳል፤ ደረሰኙ ግን የረዳቱ ቃል ብቻ ነው። ሦስተኛው አባቴ ዕቃ የሚልክበት ነው፦ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልጎ አደራ ማለት። ይህ አስተማማኙ ነው። ችግሩ አደራ ተቀባይ የሚይዘውን መጠየቁ ነው።

“ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ የምትቀመጠው የተማሪዬ እናት ናት” አለችኝ። “በአውቶቡስ ይሁን። ስሜን አትጻፊ፣ ልጄ። ስልኬንም። ረዳቶች የሴት ስልክ ካገኙ አይተዉም። ሲላስ ብለሽ ጻፊ። ወንድሜ ነው፤ እዚህ አይኖርም፣ ማንም አይጠይቀውም።”

ሁሉንም እሺ አልኳት። ካርቶኑ ላይ “ሲላስ፣ ሆሳዕና፣ የሕፃን ኮፍያ” ብዬ ጻፍኩና የራሴን ስልክ ቁጥር ጨመርኩበት። ጽፌ ስጨርስ ኮራሁ። ለማንም ምንም የማይናገር ጥቅል ነበር። ለማንም የማይናገር ጥቅል ለባለቤቱም እንደማይናገር ያኔ አልታየኝም።

ሐሙስ ንጋት ላይ መናኸሪያ ወስጄ ኦልያድ ለሚባል ረዳት ሰጠሁት። ካርቶኑን በአንድ እጁ መዘነው።

“ኮፍያ ብቻ? አይዞሽ እናቴ፣ እንደ እንቁላል ነው የምይዘው” አለና ከመቀመጫው ሥር ከተተው።

ፋርማሲው ውስጥ ስልካችንን መሳቢያ አስገብተን ነው የምንሠራው። ለምሳ ስወጣ ኦልያድ አራት ጊዜ ደውሎ ነበር። ከደሳለች ደግሞ መልእክት ነበረኝ፦ “ሲላስ ብሎ ሲጣራ ሰው ከቦት ነበር። ትንሽ ይቅለል ብዬ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሰው ሲቀንስ ብሄድ ተወስዷል አለኝ።”

ለኦልያድ ደወልኩ።

“ማን ወሰደው?”

“ሲላስ ነዋ!”

“የትኛው ሲላስ?”

“እህቴ፣ ሲላስ ብዬ ጠራሁ፣ አንዱ መጣ። ምንድን ነው የምትጠብቀው አልኩት። ከአዲስ አበባ የሕፃን ዕቃ ይመጣልኛል አለ። ሚስቱ ወልዳለች፤ ደስ ብሎት ለሻይ ጨመረልኝ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ መታወቂያ ልጠይቀው? ፖስታ ቤት መሰልኩሽ እንዴ?”

“ስልክ ቁጥሩን ብትጠይቀው ኖሮስ?”

“ስልክ? ጥቅሉ ላይ ያለው ስልክ ያንቺ ነው! አራቴ ደወልኩልሽ!”

በሆሳዕና ያለው ሲላስ አንድ ብቻ እንዲሆን ማንም አላዘዘም።

ዕቃ ሲጠፋ የማደርገውን አውቃለሁ። ገንዘቡን እመልሳለሁ ወይም ሌላ እሠራለሁ። ለደሳለች ሁለቱንም ጻፍኩላት። ግን አንዱን ለመሥራት አምስት ምሽት ይፈጅብኛል፤ ከሐሙስ እስከ ሰኞ አምስት ምሽት የለም።

“ስለ ገንዘብ አላነሣሁም” አለችኝ። “ያነሣሁት ሰኞን ነው።” ቆይታ ደግሞ፦ “አንድ የማላውቀው ሰው ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታየኛል። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶች ከበውት።”

በማግስቱ ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ከካርቶን ሳሙና እያወጣ ይደረድር ነበር።

“አባዬ፣ ሆሳዕና የምታውቀው ሰው አለ?”

“ኑሕ አለ። መናኸሪያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል። ምነው?”

“የላክሁት ዕቃ ለሌላ ሰው ተሰጠ።”

“በአውቶቡስ ነዋ የላክሽው!” አለና ዞረ። “ስንቴ ነገርኩሽ? ሠላሳ ዓመት በሰው እጅ ልኬ መርፌ አልጠፋብኝም። እሺ፣ ምን ብዬ ላስፈልገው?”

“የሕፃን ኮፍያ የሚል ካርቶን ነው።”

“ለኮፍያ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው?”

ከካርቶኑ አንድ ሳሙና አንሥቼ አቀበልኩት።

“ሀያም” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ኑሕን የሰው በር ላይ አቁሜ ኮፍያ መልሱ ላስብለው? ሰውየው ይህ ኮፍያ አይደለም ቢለውስ? የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ማወቅ አለበት።”

አንዲት ሴት መጥታ ክብሪት ጠየቀች። ከፍላ እስክትሄድ ጠበቅሁ። ከዚያ የሳሙናዎቹን ጽሑፍ እያየሁ ተናገርኩ።

“በበሽታ ጡታቸው ለተቆረጠ ሴቶች ነው የምሠራው። በቀሚስ ውስጥ የሚደረግ ነው። ጡት ነው፣ አባዬ።”

ያ ቃል እኔ ጡት ከጣልኩ ወዲህ በእኔና በእሱ መካከል የተነሣ አይመስለኝም። አባቴ አንድ ሳሙና አስቀመጠ፣ አነሣው፣ እንደገና አስቀመጠው።

“ተልባው…” አለ በመጨረሻ።

“ክብደት እንዲኖረው ነው።”

“እኔ አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ ገዛሁ እኮ።”

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል እሱ አለመሳቁን አየሁ። ስልኩን አወጣ።

“የሴትየዋ ስም ማን ነው?” አለኝ፤ አፌን ሳልከፍት ደግሞ እጁን አነሣ። “ተዪው። አትንገሪኝ።”

ከኑሕ ጋር እንደ ልማዳቸው ስልጥኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ስለ ጤናና ስለ ገበያ ተጠያየቁ። ከዚያ አባቴ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። “አንድ አደራ ጠፍቶብናል፣ ኑሕ። ሲላስ የሚባል ሰው ነው በስሕተት የወሰደው፤ ሚስቱ በቅርቡ የወለደች። ላዩ ላይ ኮፍያ ይላል፤ ኮፍያ አይደለም። የአንዲት ሴት አካል ነው።” ትንሽ አዳመጠ። “አዎ፣ አካል። እንደዚያ ብለህ ያዘው። ማንም እንዳይስቅበት።”

ስልኩን ሲዘጋ አላየኝም፤ እኔም አላየሁትም። ሳሙናውን አብረን ደረደርን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑሕ መልሶ ደወለ። አባቴ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

“አገኘሁት! አናጺ ነው ሰውየው፣ ደግ ሰው። ግን ሚስቱ፣ ሚልካ ትባላለች፣ አራስ ሆና በሩ ላይ ቆመች። አካል ፈልጌ መጣሁ ስላት ምን አለችኝ መሰለህ? ‘ለወንድ አልሰጥም። ባለቤቷ ትምጣ ወይ ትደውል።’ አደራ ነው ብላት፣ ‘እኔም አደራ ነው የያዝኩት’ ብላ ዘጋችብኝ!”

አባቴ ፊቱ በራ። “እንዲህ ያለች ሴት ሱቅ ብትይዝ ነበር” አለ።

እኔ ግን አልተደሰትኩም። ይህን ሁሉ የሠራነው ደሳለች እንዳትታወቅ ነበር። አሁን ዕቃውን ለማግኘት መታወቅ አለባት፤ ቢያንስ ለአንዲት ሴት። እንደሆነው ጻፍኩላት። መልእክቱን እንዳነበበችው ምልክቱ አሳየኝ። መልስ ግን አልመጣም። በልቤ ያዘጋጀሁትን ሌላ ሐሳብ፣ ራሴ ሄጄ ልቀበል የሚለውን፣ ልጽፍላት ስል ስልኬ ብልጭ አለ።

“ቁጥሬን ስጧት። ስሜንም።”

የሚልካን ስልክ በኑሕ በኩል አግኝቼ የደሳለችን ቁጥርና ስም ለእሷ ብቻ ላክሁላት። እሑድ ምንም አልሰማሁም። ሰኞ ለምሳ ስወጣ ይህ ጠበቀኝ፦

“ትናንት ሚልካ ራሷ አመጣችልኝ፤ ልጇን ለእናቷ ትታ፣ ካርቶኑን በነጠላዋ ሥር ይዛ። ባሏ ኮፍያ መስሎት ልጁ ራስ ላይ ሲያደርገው ነው የቀማችው። ልክክ ብሎለት ነበር አለችኝ። ስምንት ወር እንደዚያ አልሳቅሁም። የስፌቱ ቦታ ስለሚያመኝ ደረቴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ዛሬ ቀኑን ሰሌዳው ጫፍ ላይ ጻፍኩ፤ እጄን እስከ ላይ አንሥቼ። ልጆቹ ምንም አላዩም። አንዷ ብቻ ‘ቲቸር፣ ከስተሻል’ አለችኝ።”

ደረጃው ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሴት ስትጽፍልኝ ስለ ፖስታና ስለ አውቶቡስ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ? አንዳንዶቹ አለ ይላሉ፤ በዚያ ሰው ስምና ስልክ እልካለሁ። አንዳንዶቹ መልስ ሳይሰጡ ይጠፋሉ። ቆይተው የሚመለሱ አሉ።

የዚያን ሰኞ ማታ ሱቅ ስደርስ አባቴ ከተልባው ጆንያ ሥር ወጥመዱን አንሥቶ ነበር። የደሳለችን መልእክት፣ ስሟን ትቼ፣ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ላስቲክ አወጣና በመስፈሪያው ቆርቆሮ ተልባ ይዝቅ ጀመር።

“ቀጥሎ የምትልኪው አለሽ?”

“ደሴ አንድ ሴት አለች።”

“ይህ ለሁለቱ ይበቃል?”

“አንድ ነው፣ አባዬ። አብዛኞቹ የሚያዝዙት አንድ ነው።”

ቆርቆሮው አየር ላይ ቆመ። አባቴ ላስቲኩን አየው፤ ግማሹን ቀስ ብሎ፣ አንድ ፍሬ ሳያፈስስ፣ ወደ ጆንያው መለሰው።